ጸጋ፣ መታዘዝና ሕግ አጥባቂነት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የቤት ኅብረት መሪዎች የሰባት ሳምንት የገላትያ ጥናት

የቤት ኅብረት መሪ ስለ ጸጋ ለማስተማር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጉድጓድ በአንዱ ይገባል። አንዱ ትእዛዝ የሚባለውን ሁሉ ያጣጥልና በሦስተኛው ሳምንት «ታዲያ እንደ ልባችን እንኑር?» የሚል ጥያቄ ሲመጣበት መልስ ያጣል። ሌላው ጸጋን አሥር ደቂቃ ይናገርና የቀረውን ሰዓት «ነገር ግን» እያለ ይፈጀዋል። ሁለቱም የሚደክሙት ጸጋ ስንት እጅ፣ መታዘዝ ስንት እጅ ይሁን እያሉ ሲመዝኑ ነው። መመዘኑን ተዉት። መጠየቅ ያለበት የቱ ይቀድማል የሚለው ነው።

አሥርቱ ትእዛዛትን ክፈቱ። «ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» የሚለው ዘጸአት 20፥3 ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት ቁጥር 2 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ ባርነት ያወጣ አምላክ መሆኑን ይናገራል። ሕዝቡ መጀመሪያ ወጣ፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ ተሰጠው። ኤፌሶን 2፥8-10 ያንኑ ቅደም ተከተል ይዟል፦ በጸጋ መዳን ቁጥር 8 ላይ፣ መልካም ሥራ ቁጥር 10 ላይ። ቲቶ 2፥11-12 ደግሞ ኃጢአተኝነትን ክደን እንድንኖር የሚያስተምረን ራሱ ጸጋው ነው ይላል። ሕግ አጥባቂነት ማለት ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ ብዙ ሕግ መያዝ ማለት አይደለም። ሦስት ሕግ ብቻ ይዞ ሕግ አጥባቂ የሆነ ሰው አለ፤ ብዙ ሥርዓት ጠብቆ ነፃ የሆነም አለ።

በተግባር በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው ግልጽ ነው፦ በሥራዬ እጸድቃለሁ ማለት። ይህን በአፉ የሚናገር ሰው በኅብረታችሁ ውስጥ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሁለተኛው ሰው የሠራውን ደንብ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ እኩል ማስቀመጥና ሌላውን በእሱ መለካት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይሰወራል፦ የትእዛዙን ቃል ጠብቆ ከነገሩ ማምለጥ። ማርቆስ 7፥9-13 ላይ ገንዘቡን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብሎ እናት አባቱን ሳይጦር የሚቀረው ሰው የዚህ ምሳሌ ነው። ጥናቱን የምታዘጋጁት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቁጥራችሁ ከ6 እስከ 10 ሰው ቢሆን ይመረጣል። ከ12 ካለፈ ለሁለት ክፈሉት፤ ሰው በበዛበት ስለ ራሱ የሚናገር የለም፣ ስለ ጎረቤቱ ግን ሁሉም ይናገራል። ለአንድ ስብሰባ 90 ደቂቃ መድቡ፦ ለመሰባሰቢያ 10፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ 15፣ ለውይይት 40፣ ከታች ለምንገልጸው ወረቀት 15፣ ለጸሎት 10። ቡና ካለ፣ ያለ ቡና እንግዳ የሚሸኝ ቤት በወሎ ብርቅ ነውና መኖሩ አይቀርም፣ ውይይቱ ካለቀ በኋላ ይቅረብ። ቀድሞ ከተጀመረ የምታፈላዋ እህት አቦሉን ስታወጣ የጥናቱ ግማሽ ያልፋታል። በየሳምንቱ እሷው አታፍላ፤ ወንዶቹም ተራ ይግቡ።

ወቅቱን ምረጡ። ጥናቱ በዐቢይ ጾም መካከል ከተጀመረ ወሬው ሁሉ ወደ ጾም ይዞርና ገላትያ ይረሳል። መስቀል እንዳለፈ በመስከረም መጨረሻ የተጀመረ የሰባት ሳምንት ጥናት ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 በፊት ያልቃል።

ኮምቦልቻ ላይ ዋናው እንቅፋት የፋብሪካ ፈረቃ ነው። «ዘወትር ሐሙስ ማታ» ብላችሁ ከቆረጣችሁ ፈረቃው ሲዞር ግማሹ ሰው ይጠፋል። እሑድ ከሰዓት አድርጉት፤ ካልሆነም ያንኑ ጥናት በሳምንት ሁለት ቀን ደግሙትና ሰው በተመቸው ይግባ። የቀረ ሰው ስሙ አይመዝገብ። በሌላ ጥናት መመዝገቡ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ጥናት ግን የመገኘት ዝርዝር ይዞ ስለ ጸጋ ማስተማር መሪውን መሳቂያ ያደርገዋል። ከደሴ ወርዶ ወይም ከኮምቦልቻ ወጥቶ የሚመጣ ካለ ሳይመሽ ልቀቁት፤ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መንገዱ አስቸጋሪ ነው።

ባለ ሦስት ዓምዱ ወረቀት

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ ወረቀት ስጡና በቁመቱ ለሦስት ይጠፈው። በመጀመሪያው ዓምድ ራስ «ትእዛዝ»፣ በሁለተኛው «ጥበብ»፣ በሦስተኛው «ልማድ» ብሎ ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በሰፈሩ «ክርስቲያን እንዲህ ያደርጋል» ወይም «እንዲህ አያደርግም» ሲባል የሰማቸውን 10 ነገሮች ጽፎ በየዓምዱ ይደልድል። አትስረቅ፤ ሱሪ የለበሰች ሴት መድረክ ላይ አትቁም፤ አረቄ ቤት አትግባ፤ አሥራት ክፈል፤ ለቅሶ ድረስ፤ ጫት አትቃም፤ ማለዳ ተነሥተህ ጸልይ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በግራው ዓምድ ይከማቻል። አትከራከሩ። አንድ ደንብ ብቻ አስቀምጡ፦ በ«ትእዛዝ» ሥር የገባ ነገር ምዕራፍና ቁጥር ይጻፍለት፤ ከተጠቀሰው ቁጥር በፊት ያሉት 5 እና በኋላ ያሉት 5 ቁጥሮችም አብረው ይነበቡ። ይህ ብቻ ብዙውን ወደ ቀኝ ያሸጋግረዋል፤ መሪው አፉን መክፈት አያስፈልገውም። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ግራ ይመለሳል። «ልማድ ነው» ብለው ያቃለሉት የሐዘንተኛ ቤት መድረስ ሮሜ 12፥15 ላይ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ የሚል ትእዛዝ እንዳለው ሲያዩ ይገረማሉ።

መካከለኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጥ ሥራ አለው። ጥበብ ማለት አንድ ሰው ራሱን ከሚያውቀው ድካም ለመጠበቅ ያኖረው አጥር ነው። መጠጥ ያቆመ ሰው በአረቄ ቤት ደጅ ባላልፍ ይሻለኛል ቢል መልካም አደረገ። ያንን አጥር በወንድሙ ግቢ ሲተክል ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚህ ዓምድ ላለ ለእያንዳንዱ ነገር ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ ማን አኖረው? ከምን ለመጠበቅ? የጣሰውስ ሰው ምን ይደርስበታል? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው መመርመሪያችሁ ነው። መልሱ «ይጎዳ ይሆናል» ከሆነ ጥበብ ነው። መልሱ «ከእኛ አይደለም» ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ጥበብ ተብሎ ቢጻፍም በኑሮ ሕግ ሆኗል።

ሰባቱ ሳምንታት

በመጀመሪያው ሳምንት መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቡት፤ 6 ምዕራፍ፣ 149 ቁጥር ነው፣ ቀስ ብሎ ቢነበብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የዚህ ቀን ንባብ ከተመደበው 15 ደቂቃ ስለሚያልፍ ከውይይቱ ቀንሱለት። ተራ በተራ አንብቡ፣ ማብራሪያ አትስጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥4) ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን በማመስገን ይጀምራል፤ በዚያ ጉባኤ ዝሙት፣ ክፍፍልና በጌታ እራት ላይ ስካር ነበረ። ለገላትያ ሰዎች ግን ምስጋና ሳይጽፍ በቀጥታ ወደ «እደነቃለሁ» ይገባል (1፥6)። እነዚህ ሥርዓት አብዝተው ለመጠበቅ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ስለ ምን ይሆን? መልሱን ለሳምንት አሳድሩት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ለምዕራፍ 1 እና 2 ስጡ። ለአንድ ሳምንት አትጨናንቁት፤ የጥናቱ ልብ 2፥11-14 ነው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ። አንድም የተሳሳተ ትምህርት አልተናገረም፤ ያደረገው ከማዕድ መነሣት ነው። ጳውሎስ ግን ይህን ከወንጌል እውነት ጋር ያልተስማማ አካሄድ ብሎታል። እዚህ ላይ ቆዩ። ኅብረታችሁ ከማን ጋር አይበላም? ከየትኛው ሰፈር ሰው? «ገና ያልተለወጠ» ከተባለ ከማን ጋር?

በሦስተኛው ሳምንት ሐዋርያት ሥራ 15ን አስከትሉ። ጉባኤው ግርዘትን በአሕዛብ ላይ አልጫነም፤ ነገር ግን ከአራት ነገሮች እንዲርቁ ጻፈላቸው (15፥20 እና 29)። ብልጥ አድማጭ «ነፃ ካወጧቸው በኋላ እንደገና ለምን ደንብ?» ይላል። ለመልሱ ከወሎ ሰርግ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም፦ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ነው፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ያን ሥርዓት የያዘው ቤተሰብ በእሱ ልጽደቅ ብሎ አይደለም፤ ሁለቱ አብረው እንዲቀመጡ ነው። ጉባኤው ከጻፋቸው አራቱ ውስጥ ሦስቱ ምግብን የሚነኩ መሆናቸውን አሳዩ። የገላትያ 2 ጉዞና የሐዋርያት ሥራ 15 ጉባኤ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ የሚል ክርክር ከተነሣ፣ ሊቃውንትም አልተስማሙበት ብላችሁ እለፉት፤ ሰዓታችሁን ይበላል።

አራተኛው ሳምንት ምዕራፍ 3 እና 4 ነው፤ ፈጠን በሉ። የተስፋው ቃል ለአብርሃም ተሰጠ፣ ሕጉ ከ430 ዓመት በኋላ መጣ (3፥17)፤ እንግዲህ በቅደም ተከተሉ ላይ ተመልሰን መጣን። ሕጉ እስከ ክርስቶስ የሚያደርስ ሞግዚት ነው (3፥24)። ስለ አጋርና ስለ ሣራ (4፥21-31) ሲደረስ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጎረቤታችሁ ሙስሊም ነው፣ አንዳንዱም አክስቱ ወይም አማቹ ናቸው፤ ይህን ክፍል በእስማኤል ስም በጎረቤት ላይ የሚተኩስ ተናጋሪ አይጠፋም። ቁጥር 21ን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፦ ጳውሎስ የሚናገረው ከሕግ በታች ልኑር ለሚሉት ለራሱ ሰዎች ነው። ያ ተግሣጽ ወደ ቤት ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይመለከትም።

በአምስተኛው ሳምንት ምዕራፍ 5 ይጠናል። 5፥1ን ያነበበ ሁሉ 5፥13ንም ያንብብ፤ የጸጋ ትምህርት ወደ ልቅነት የሚያፈነግጠው ከ5፥12 ላይ መጽሐፉን በሚዘጉ ሰዎች እጅ ነው። የሥጋ ሥራ ዝርዝር ላይ ሲደረስ ኅብረቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዘፋኝነት» ይይዝና እዚያው ይሰፍራል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ቀድማችሁ መንገድ ዝጉ፦ ከዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ ጥል፣ ክርክር፣ ቅንዓት፣ ቁጣ፣ አድመኛነት፣ መለያየት፣ ምቀኝነትን የመሰለ መሆኑን አሳይታችሁ በእነዚህ 20 ደቂቃ ተወያዩ። ሕግ አጥባቂ ጉባኤ መጠጥንና ልብስን ይቆጣጠራል፣ ምቀኝነትን ግን ማንም አይጠይቅበትም። ቀጥሎ ዘጠኙን የመንፈስ ፍሬ ያንብቡ፤ ከዘጠኙ አንዱንም ብቻውን ተቀምጦ ማሳየት የሚችል ሰው ካለ ይንገራችሁ።

ስድስተኛው ሳምንት የመታዘዝ ነው። ምዕራፍ 6፥1-10 እና ሉቃስ 19፥1-10ን አንብቡ። ኢየሱስ ወደ ዘኬዎስ ቤት የገባው ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት ነው፤ ገንዘቡ ግን ተመለሰ፣ ያውም አራት እጥፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ የመታዘዝ ሥራ ይምረጥ፦ ለተወሰነ ሰው፣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ሊፈጸም የሚችል። «ፍቅርን እጨምራለሁ» ዋጋ የለውም። «ከወንድሜ የተበደርኩትን ግማሹን ቅዳሜ እሰጠዋለሁ»፣ «ከእህቴ ጋር ተኳርፈናልና ደውዬ አነጋግራታለሁ» የሚሉት ይሠራሉ። መሪው አይጽፈው። በቀጣዩ ሳምንት «መናገር የሚፈልግ አለ?» ተብሎ አንድ ጊዜ ይጠየቅ፤ የተናገረ አይጨበጨብለት፣ ዝም ያለ አይጠየቅ። ይህ ከተጣሰ ስድስተኛው ሳምንት ያለፉትን አምስቱን ያፈርሳቸዋል፤ ሰው ለእግዚአብሔር ሊታዘዝ የመረጠውን ለኅብረቱ ሪፖርት ማቅረቢያ ያደርገዋል።

ሰባተኛው ሳምንት፦ የሚያጣሉ ነገሮች

ሮሜ 14ን እና 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን አንብባችሁ ከታች ያሉትን ጉዳዮች አንድ በአንድ አቅርቡ። ጊዜ ካጠረ የመጀመሪያውን አትዝለሉ።

አንድ ወጣት ከሙስሊም ጎረቤቱ ቤት በበዓል ቀን ሥጋ በላ። እናቱ ሰምታ አለቀሰች፤ ክርስትናህን ጣልህ አለችው። ውይይቱ ወዲያው «ኃጢአት ነው፣ አይደለም» ይሆናል። አቅጣጫ ስጡት። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25-29 ላይ ጳውሎስ በገበያ የተሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል፤ ለሌላው ሕሊና ሲባል ግን መተው እንዳለም ያክላል። እንግዲህ ልጁ የበላው ሥጋ ከክርስቶስ አልለየውም። ሆኖም በእናቱ ፊት «ነፃ ነኝ» እያለ መከራከሩ 8፥1 የሚገሥጸውን የሚያስታብይ እውቀት ይሆንበታል። ለእሷ ሲል ሊተው ይችላል፤ መተዉን የክርስትና መለኪያ አድርጎ ለታናሽ ወንድሙ ማስተማር ግን አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያቃተው ኅብረት ገና ገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ ነው፤ ተመልሶ ያንብብ።

ከኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ዛሬም ረቡዕና ዓርብ ከእናቱ ጋር ይጾማል። ኅብረቱ ሊያስተወው ይጣደፋል። ሉቃስ 18፥12 ላይ ፈሪሳዊውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር፤ ያልጸደቀው ግን ጾሙን ቆጥሮ በቀራጩ ላይ ስለተመካ ነው። ኢየሱስም «ስትጾሙ» አለ (ማቴዎስ 6፥16)። ጾምን ማስጣል የጸጋ ትምህርት ግብ አይደለም፤ እንዲያውም «እኔ አልጾምም» ብሎ መመካት ያው ፈሪሳዊነት ነው፣ ልብሱን ብቻ ለውጦ። በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ለሚኖር ኦርቶዶክስ ዘመዳችሁ ስለ ጾሙ የሚመክረው የንስሐ አባቱ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ አጭር ነው። ሰኞ ገበያ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ «በጸጋ ነው የዳንኩት» ቢል፣ ዘሌዋውያን 19፥35-36 ግልጽ ትእዛዝ ነው፤ የሚያወያይ ነገር የለውም። ሚዛኑን ያስተካክል፣ ያጎደለውንም ይመልስ።

አሥራትን በተመለከተ፣ «ሥራውን ያጣው አሥራት ስላልከፈለ ነው» የሚል ንግግር በኅብረቱ ከተሰማ እዚያው አስቁሙት። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ይላል። ለጋስነትን አስተምሩ፤ ማስፈራሪያውን ተዉት።

የሚበላሸው የት ነው?

ጥናቱን በብዛት የሚያበላሸው የሌላውን ቤተ ክርስቲያን መንቀፊያ መሆኑ ነው። «ሕግ አጥባቂዎች» ሲባል የሁሉም ጣት ወደ ውጭ ይጠቁማል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን የሚነገር ደንብ ነው፦ ሰው በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የራሱን ቤት፣ የራሱን ጉባኤና የራሱን ሰፈር ደንብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሕሊናው ዕረፍት የሚያጣ ሰው ነው። ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ ይናዘዛል፣ ይቅር እንደተባለ አያምንም፣ የእናንተ ወረቀት ደግሞ አዲስ መመርመሪያ ይሆንበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከወረቀቱ አውጡት፤ ሮሜ 8፥1ን ብቻ አብራችሁ አንብቡ። እንቅልፍና ምግብ ከነሣው ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው አድርጉ፤ ይህ እምነት ማነስ አይደለም።

ሦስተኛው ከባድ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ወይም በቤቱ ያለን ሰው የሚጎዳ ሰው «ጸጋ ካላችሁ ይቅር በሉኝ» ይላል፤ ኅብረቱም ሚስቲቱን ወደ ቤቷ ለመመለስ ይቸኩላል። አትመልሷት። ይቅርታ የሚያስፈራን ቤት የሚያስተማምን አያደርገውም። ዘኬዎስ የተመሰገነው በተግባር በመለሰው ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሳውቁ፤ አደጋ ካለ ደግሞ ለፖሊስ ማመልከት የጸጋ ተቃራኒ አይደለም፣ ሮሜ 13፥4 ባለሥልጣን ለዚህ እንደቆመ ይናገራል።

ወረቀቶቹን በሰባተኛው ሳምንት አትሰብስቡ፤ የየባለቤቶቹ ናቸው። ለቀጣዩ ጥናት ከገና በኋላ የያዕቆብን መልእክት ውሰዱ፤ 108 ቁጥር ነው፣ አራት ሳምንት ይበቃዋል። ምዕራፍ 2፥14-26ን ጳውሎስን እንደሚያፈርስ አድርጎ የሚያነብ ሰው ከተነሣ ወደ ቁጥር 15 እና 16 መልሱት፤ እዚያ የያዕቆብ ምሳሌ የታረዘና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድም ወይም እህት ነው፣ ጥያቄውም ምን ሰጣችሁት የሚል ነው።